ሐዲዱ ተዘርግቷል፤ ባቡሩስ ምን ይሥራ?



ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። እኛ አዲስ ቅዳም የምንኖር ደግሞ ዝናቡ አንዴ ከያዘ የሚለቅ እንደማይመስል እናውቃለን። ልጆች ቤት ሲውሉ ምን እንደሚከተል ለእናቶች መንገር አያስፈልግም። "እማዬ፣ ቀማኝ!" "እማዬ፣ እሷ ናት የጀመረችው!" የሚለው ጩኸት ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም። ዝናቡ ጋብ ሲል የሽቦ መኪናቸውን እየነዱ ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚወስደው አውራ ጎዳና በከተማችን መካከል ስለሚያልፍ፣ ከሰል ወይም ድንች የጫነ ከባድ መኪና ሲመጣ በመንገዱ ዳር የሚጫወት ልጅ ማየት የእናትን ልብ ያርዳል። ልጁን "ግባ!" ማለት ቀላል ነው። ከገባ በኋላ ምን ይሥራ የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል።

በዚህ እትም ከመልሶቹ አንዱን ላካፍላችሁ ወደድሁ። እርሱም የቤት ውስጥ ባቡር ነው። "ባቡር ባልደረሰበት አገር ተቀምጠን ስለ ባቡር ምን አስወራን?" ትሉ ይሆናል። ልጆቻችን ግን መኪና ባይኖረንም ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ይሠሩ የለምን? ባቡሩም እንደዚያው ነው።

ለምን ቶሎ ይሰለቻል?

አንዳንድ ቤት ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው፣ በባትሪ የሚሄድ ባቡር አለ። ሌላው ቤት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ከሰርዲን ቆርቆሮ ፉርጎ፣ ከቆርኪ ጎማ ይሠራሉ። አካባቢያችን ቀርከሃ ስለማያጣ፣ በስሱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጣውላ ላይ በሁለት ረድፍ ቢመታ ፉርጎው ወዲያና ወዲህ የማይወጣበት ጥሩ መስመር ይሆናል። በገመድ የሚጎተት ቢሆንም ችግር የለውም።

የሚገርመው፣ ብዙ የተደከመበት ባቡር በሁለተኛው ቀን አልጋ ሥር ተጥሎ ይገኛል። ምክንያቱ የልጁ ስንፍና አይደለም። ባቡሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ የተነሣበት ይደርሳል። ምንም አልጫነም፣ ማንንም አላደረሰም፣ የሚጠብቀውም የለም። ሥራ የሌለው ነገር ደግሞ ሕፃንም ሆነ አዋቂ ያሰለቻል።

ፍራንክ ኤሊሰን የተባለ አሜሪካዊ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሚገባ አስረድቷል። ሰውየው ከቴአትር ሙያ የመጣ ነበርና የቤት ውስጥ ባቡርን ከመድረክ ጋር አመሳስሎታል። ሐዲዱና ጣቢያው መድረክ ነው፤ ባቡሮቹ ተዋናዮች ናቸው፤ የጉዞው ሰሌዳ ደግሞ ድርሰቱ ነው። ድርሰት የሌለው መድረክ የቱንም ያህል ቢያምር ተመልካቹን አያቆየውም።

ባቡር ማለት ብረቱ አይደለም

ይህ እውነት መሆኑን ከአገራችን ታሪክ እንየው። ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጣው የመጀመሪያው የምድር ባቡራችን ሥራ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ ወደ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ድሬዳዋ ከተማ የተቆረቆረችውም ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበርና መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር።

በዚያ መስመር ላይ ሞጆ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር እያልን የምንጠራቸው ጣቢያዎች ነበሩ። በየጣቢያው ባቡሩን የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ አንዱ ዕቃ ይጭናል፣ አንዱ ዘመዱን ይቀበላል፣ አንዷ ፍራፍሬ ይዛ ለመንገደኛው ትሸጣለች። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል አገልግሎት ሲያቆም፣ ሐዲዱ ያው ሐዲድ ሆኖ ሳለ ገበያው ግን ቀዘቀዘ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባቡርን ባቡር ያሰኘው ብረቱ ሳይሆን ሰውን ከሰው የማገናኘት ሥራው ነበር። ዛሬ በዚያ አቅጣጫ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል።

እንዴት እንጀምር?

እንግዲህ ለልጆቻችሁ ባቡር ሥራ ስጡት። መስመሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ሦስት ጣቢያ፣ አንድ ባቡርና አራት ፉርጎ በቂ ነው።

1. ለቦታዎቹ ስም ስጡ። ልጆቹ የሚያውቁት አገር ይሁን። በአንዱ ጫፍ ዳንግላ፣ በመካከል አዲስ ቅዳም፣ በሌላው ጫፍ እንጅባራ ይሁን። በመካከለኛው ጣቢያ አንዱ ባቡር ቆሞ ሌላው የሚያልፍበት ሁለተኛ ሐዲድ አድርጉ። ይህች አጭር ሐዲድ የጨዋታው ሁሉ ቁልፍ ናት።

2. አገሩ የሚያመርተውን ጫኑ። "ከእኛ ከተማ ምን ይወጣል? ምንስ ይገባል?" ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁ። የዲከረንስ ከሰል፣ ድንች፣ ቀርከሃ እንደሚወጣ፤ ጨው፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ፣ ደብተር እንደሚገባ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ለእያንዳንዱ ፉርጎ ከካርቶን ትንሽ ካርድ ቁረጡ። በአንዱ ፊት "ከሰል፤ ከአዲስ ቅዳም ወደ ዳንግላ"፣ በጀርባው "ባዶ፤ ወደ አዲስ ቅዳም ተመላሽ" ብላችሁ ጻፉ። ፉርጎው ከደረሰ በኋላ ካርዱ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የልጁ ፍላጎት ሳይሆን የጭነቱ አድራሻ ነው። ጽሑፍ ገና የሚለምድ ልጅ ካላችሁ ሳታስገድዱት ሲያነብ ታዩታላችሁ።

3. ሰዓት አብጁ። በጨዋታው አንድ ሰዓት ማለት በእኛ ሰዓት አምስት ደቂቃ ይሁን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ያለው ቀን በአንድ ሰዓት ያልቃል ማለት ነው። ከዚያ ሰሌዳ ጻፉ፦ ባቡሩ ከዳንግላ በ1 ሰዓት ይነሣል፤ አዲስ ቅዳም በ2 ሰዓት ይደርሳል፤ ፉርጎ አስቀምጦና አንሥቶ በ3 ሰዓት ወደ እንጅባራ ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ ቢዘገይ አትቆጡ። ለምን እንደዘገየ ተነጋገሩና በሚቀጥለው ቀን ሰሌዳውን አስተካክሉ።

4. ሁለተኛ ባቡር ሲመጣ በትር ይኑር። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ቢመጣ የሚሆነው ይታወቃል። በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ይህን ለመከላከል ለእያንዳንዱ የመስመር ክፍል አንዲት በትር ይመደብ ነበር፤ ነጂው በትሯን ካልያዘ ወደዚያ ክፍል አይገባም። በትሯ አንዲት ብቻ ስለሆነች ሁለት ባቡር ሊገናኝ አይችልም። እናንተም ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም ቀይ በትር፣ ከአዲስ ቅዳም እስከ እንጅባራ አረንጓዴ በትር አድርጉ። ሁለቱ ባቡሮች አዲስ ቅዳም ሲገናኙ በትር ተለዋውጠው ይለያያሉ። አንዱ ቢዘገይ ሌላው መጠበቅ አለበት።

5. ሥራ አከፋፍሉ። አንዱ ነጂ፣ አንዱ ጭነት ተቆጣጣሪ፣ አንዱ የጣቢያ ኃላፊ ይሁን። የመካከለኛውን ጣቢያና በትሮቹን ለትንሹ ልጅ ስጡት ብዬ እመክራችኋለሁ። ሁልጊዜ "አንተ ገና ነህ" የሚባለው ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙ "በትሩን ስጠኝ፣ ልለፍ?" ብሎ እንዲጠይቀው ሲሆን ፊቱን እዩት። ታላቁም ጉልበት ስላለው ሳይሆን ተራው ስለደረሰ ብቻ እንደሚያልፍ ይማራል።

6. ሲያልቅ አታፍርሱት። ፉርጎዎቹ የቆሙበትን ቦታ በደብተር ጻፉ። ነገ ጨዋታው የሚጀምረው ከዚያ ነው። በአዲስ ቅዳም ያደረ ከሰል ነገ የሚያነሣው ባቡር ይጠብቃል። ልጁም በማግሥቱ የሚመለስበት ምክንያት ይኖረዋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፉርጎው በየርምጃው ከሐዲድ የሚወጣ ከሆነ ሰሌዳውም ካርዱም ከንቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ፉርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር ጊዜ በእጅ ግፉ። የሚያነቅፈውን ቦታ በምስማርና በቢላ አስተካክሉ። ቢላውን ግን አዋቂ ይያዝ።

አባቶችስ?

ይህ የእናቶች ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጆቻችሁ በቴሌቪዥን የሚያዩትን ቶማስ የተባለ ባቡር ታውቁት ይሆናል። ታሪኩን የጀመረው ዊልበርት ኦድሪ የተባለ እንግሊዛዊ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። ልጁ ክሪስቶፈር ኩፍኝ ይዞት ሲተኛ፣ አባት አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የባቡር ታሪክ ያወራለት ነበር። ከእንጨት ቁርጥራጭም መጫወቻ ባቡር ሠራለት። የመጀመሪያው መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ኦድሪ ታሪኮቹ የእውነተኛውን ባቡር አሠራር እንዲከተሉ አጥብቆ ይጠነቀቅ ነበር። ይህን ሁሉ የወለደው ግን የታመመ ልጅ አጠገብ የተቀመጠ አባት ነው።

በአገልግሎትም ሆነ በንግድ የተጠመዳችሁ አባቶች፣ በሳምንት አንድ ሰዓት የምታጡ አይመስለኝም። ለጨዋታው ዓለም አንድ ሙሉ ቀን የሚበቃው ያ አንድ ሰዓት ነው። ነጂነቱን ለልጆቹ ተዉላቸውና እናንተ ጭነት ጫኝ ሁኑ። ትንሹ የጣቢያ ኃላፊ "ቆይ አባዬ፣ መስመሩ አልተለቀቀም" ሲላችሁ በትዕግሥት ቁሙ። ልጅ መጠበቅን የሚማረው "ጠብቅ" ስላልነው ብቻ ሳይሆን አባቱ ሲጠብቅ ስላየ ነው።

ዝናቡ ገና ብዙ ሳምንት አለው። ዛሬ ካርቶኑንና መቀሱን አውጡ፤ ከአንድ ፉርጎና ከአንድ ካርድ ጀምሩ።