ማክሮ መጻፍ ለፊዚክስ ተማሪ ያለው ጥቅም

የፊዚክስ ትምህርት ቀመርን በቃል በመያዝ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ቀመሩ ሥራ ላይ የሚውለው ቁጥር ሲገባበት ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ እጅ ይደክማል፣ ዓይንም ይሳሳታል። ይህን ድካም የሚያቃልለው ቪዚካልክ የተባለው የስሌት ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ቀረበ። ከ1993 ጀምሮም የኤክሴል ተጠቃሚ ማክሮ የተባለውን የትእዛዝ ዝርዝር በቪዥዋል ቤዚክ ቋንቋ ራሱ ለመጻፍ ቻለ።

አንዳንድ ሰዎች፣ «የተዘጋጀ ፕሮግራም ሞልቶ ሳለ ተማሪው ማክሮ መጻፍ ለምን ያስፈልገዋል?» ይላሉ። ጊዜን ከመቆጠብ አንጻር ሲታይ አስተያየታቸው እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የተዘጋጀ ፕሮግራም ውጤቱን ሰጥቶ መንገዱን ይሸሽጋል። ማክሮ የሚጽፍ ተማሪ ግን ሐሳቡን ደረጃ በደረጃ ለመግለጽ ይገደዳል።

ለምሳሌ ከከፍታ ላይ የተለቀቀን ድንጋይ እንውሰድ። የአየሩን ተቃውሞ ብንተወው በ2 ሴኮንድ ውስጥ 19.6 ሜትር እንደሚወድቅ ቀመሩ ይነግረናል። ይህንኑ በማክሮ ለማስላት ጊዜውን በትንንሹ እንከፋፍል፤ በእያንዳንዱ ክፍልፋይ መጀመሪያ ላይ በነበረው ፍጥነት የተጓዘውን ርቀት እንደምር፤ ከዚያም ፍጥነቱን እናሳድግ። ክፍልፋዩ 0.1 ሴኮንድ ሲሆን ማክሮው 18.62 ሜትር ይላል፤ 0.01 ሲሆን 19.50፣ 0.001 ሲሆን ደግሞ 19.59 ይላል። ኮምፒዩተሩ በሦስቱም ጊዜ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ጉድለቱ የመጣው፣ የድንጋዩ ፍጥነት ያለማቋረጥ እያደገ ሳለ እኛ በየክፍልፋዩ ውስጥ እንደማይለወጥ አድርገን በመቁጠራችን ነው።

እንግዲህ ቀመሩን በእጁ ሠርቶ የማያውቅ ተማሪ 18.62ን አይቶ አምኖ ያልፋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ ኮምፒዩተር ያወጣው ቁጥር ሁሉ እውነት የሚመስለው ሰው ነገ ድልድይ ሲነድፍ ወይም የመድኃኒት መጠን ሲያሰላ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው ይሆናል። ቀመሩን የሚያውቀው ግን ጉድለቱን ለይቶ ክፍልፋዩን ያሳንሳል። ከዚያም በማክሮው ውስጥ አንዲት መስመር ለውጦ የአየሩን ተቃውሞ በማስገባት፣ በእጅ ለማስላት እጅግ አድካሚ የሆነውን ጥያቄ ይፈታል።

ስለዚህ ተማሪዎች ማክሮ መጻፍን ሊማሩ ይገባል እላለሁ። የጻፉትን ማክሮ ግን አስቀድመው መልሱን በሚያውቁት ጥያቄ ይፈትኑት። ኮምፒዩተር ታዛዥ ነው፤ ማስተዋል የሚጠበቀው ከአዛዡ ነው።