የቃላት ሽምደዳ ይብቃ

በየፎቶ ኮፒ ቤቱ እየተባዛ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ጥራዝ አለ። በግራ በኩል ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል አንዲት የአማርኛ ፍቺ። ተማሪው በየቀኑ ሃያ ሠላሳውን ይሸመድዳል፣ ወላጅ ልጁ በመትጋቱ ደስ ይለዋል፣ አስጠኚውም "ቃላት ካወቅህ እንግሊዝኛ አወቅህ" ይለዋል። ይህ ምክር የስንቱን ጎበዝ ልጅ ጊዜ በልቷል።

"ሜቲኪዩለስ" የሚለውን እንይ። ጥራዙ "ጠንቃቃ" ብሎ ይፈታዋል፤ አልዋሸም። በአማርኛ ግን ግራ ቀኙን አይቶ መንገድ የሚሻገረውም፣ ሒሳቡን ሳንቲም ሳይቀር የሚያመሳክረውም ጠንቃቃ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል የሚስማማው ለሁለተኛው ነው። ልጁ በድርሰቱ ታናሽ ወንድሙን "መንገድ ስትሻገር ሜቲኪዩለስ ሁን" ብሎ ይመክርና መምህሩ በቀይ ያሰምሩበታል። የቱ ጋ እንደተሳሳተ አይገባውም፤ ፍቺውን እኮ በቃሉ ይዞታል! ቃሉ ከምን ጋር እንደሚውል ግን ማንም አላሳየውም።

ብዙዎች ለፈተና ነው ይላሉ። ፈተናዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ወጥተዋል። የአሜሪካው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጂአርኢ፣ ነጠላ ቃል ሰጥቶ ተቃራኒውን የሚያስመርጠውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2011 አስቀርቷል። የኮሌጅ መግቢያው ኤስኤቲም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሻሻል ብርቅ ቃላትን ትቶ፣ ቃሉ በምንባቡ ውስጥ ያለውን ፍቺ ወደ መጠየቅ ዞሯል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ተማሪያችን ቢያንስ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል። እዚያ የሚጥሉት "እንለስ"፣ "ዌርአዝ"፣ "ኤክሴፕት" የሚባሉት ትንንሾቹ ናቸው። መልሱን እያወቀ "ኤክሴፕት"ን ዘልሎ ጥያቄውን የሚስት ስንት አለ! በትምህርት ጽሑፍ የሚደጋገሙት ቃላትም ቢሆኑ ውስን ናቸው፦ አቭሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃላት ቤተሰቦችን (አንድን ቃል ከእሱ ከሚወጡት ጋር) ብቻ ይዟል፤ እነዚህ ግን ከአካዳሚክ ጽሑፍ አንድ አሥረኛ ያህሉን ይሸፍናሉ። ይህን ሳይጨርሱ ብርቅዬ ቃል ማሳደድ ምን ይባላል?

ቃላት አይጠኑ አላልሁም። መምህራን ልጁ አዲስ ቃል ሲያመጣ ያገኘበትን ዓረፍተ ነገር አብሮ እንዲያመጣ፣ ከዚያም የራሱን እንዲጽፍ ያድርጉ። ወላጅም ለጥራዙ የሚያወጣውን ብር ይዞ ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ይሂድ፤ ልጁ ያለ መዝገበ ቃላት አንድ ገጽ የሚዘልቅበት ቀላል የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይግዛለት፣ እስኪጨርሰውም ጊዜ ይስጠው።