አንቲረስት ስንመርጥ

በየብየዳ ቤቱ የውኃ ታንከር መቆሚያ ተሠርቶ ሲያበቃ ቀይ አንቲረስት ይቀባል፤ የሚመረጠውም በዋጋው ነው። እኛ ግን ጉዳዩ የፊዚክስም ነው እንላለን። ተራው አንቲረስት (ቀይነቱን የሰጠው ብረት ኦክሳይድ ራሱ የዝገት ዘመድ ነው) ውኃንና አየርን ከመጋረድ አያልፍም፤ ሲጫር ዝገቱ በሥሩ ይስፋፋል። ዚንክ የበዛበት ቀለም ግን ቢጫርም ይከላከላል። የዚንክ መደበኛ የኤሌክትሮድ ፖቴንሻል -0.76 ቮልት፣ የብረት -0.44 ቮልት ስለሆነ ኤሌክትሮን ለቅቆ የሚበላው ዚንኩ ነው። በሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ላይ የነበረው እርሳስ ያለበት ቀለም እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1995 ተነሥቶ በምትኩ ዚንክ ተቀብቷል። ሆኖም ዚንኩ ብረቱን ካልነካ ኤሌክትሮን አይሻገርም፤ ዝገት ደግሞ ደካማ አስተላላፊ ነው። ስለዚህ ብረቱን በአሸዋ ርጭት ማጥራት ለማይችል ብየዳ ቤት ውዱን ዚንክ አንመክርም፤ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጥብቆ ፍቆ ተራውን ሁለት ጊዜ ቢቀባ ይሻለዋል።