መርከቧ የት ትቆማለች? የጣና ቱሪዝምና የፎገራ ዳርቻ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ቱሪስት ወረታን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ሾፌሩ ሻይ ካማረው ይቆማል፤ ካላማረው የሩዝ ማሳውንና በመንገድ ዳር የተከመረውን ሽንኩርት እያሳየ ያልፋል። የወረታ ምግብ ቤቶች፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም፣ ከዚህ አላፊ መንገደኛ የሚያገኙት ብዙ ባይሆንም ያገኛሉ። እኛን የሚያሳስበን ይህች ጥቂት ገቢ ራሷ በሐይቁ ላይ ልትቀር መቻሏ ነው።

በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ ላይ ትልቅ ሪዞርት ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ጣናነሽ ፪ የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና መጣች። በአንድ ጊዜ 188 ሰው እንደምትይዝ ተነግሯል። ካርታውን ለዘረጋ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ቱሪስቱ ከባሕር ዳር በውሃ ተነሥቶ ጎርጎራ ካደረ፣ ጎንደር ለመግባት የሚቀረው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ያለው የፎገራ ሜዳ በሙሉ ከመንገዱ ይወጣል። መርከቧን ያስመጣው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ አለው። ኮንቴይነር ወረታ ይቆማል፤ ቱሪስቱ ግን በማዶ ሊያልፍ ነው።

መርከብ የት እንደሚቆም የሚወስነው ማን ነው? በሚቆምበት ቦታስ ማን ይሸጣል? ይህ ጥያቄ በዓለም ላይ ብዙ የተሠራበት ስለሆነ መልሱን ከሩቅ ብንጀምር ይሻላል።

በካሪቢያን ባሕር የሚዘዋወሩ የመዝናኛ መርከቦች ከ5,000 በላይ መንገደኛ የሚጭኑ አሉባቸው። ድሮ መርከቡ ወደብ ሲደርስ መንገደኛው ወርዶ ታክሲ ይይዛል፣ ዓሣ ይበላል፣ ከገበያ የሰሌን ባርኔጣ ይገዛል። ለኩባንያው ያ ቀን ገንዘቡ ከእጁ የወጣበት ቀን ነበር። ኖርዊጂያን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሃማስ ውስጥ አንድ ትንሽ ደሴት ገዛና መንገደኞቹን እዚያ ማውረድ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ዲስኒ እ.ኤ.አ. በ1998 የራሱን ከፈተ። ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2019 ኮኮኬይ የተባለችውን ደሴት በ250 ሚሊዮን ዶላር አድሶ የውሃ መጫወቻ ሠራባት። ካርኒቫልም እ.ኤ.አ. በ2025 በግራንድ ባሃማ ደሴት የራሱን ዳርቻ ከፍቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምሳው ከመርከቡ ይወርዳል፤ አብሳዩም አስተናጋጁም ከመርከቡ ይወርዳሉ። መንገደኛው ቦርሳ አያስፈልገውም፤ የክፍሉን ቁልፍ ካርድ ባሳየ ቁጥር ሒሳቡ መርከቡ ላይ ይመዘገባል። አሸዋውና ወንበሩ በነጻ ነው፤ የጥላ ቤቱ፣ የመጫወቻው ቦታና መጠጡ ግን ይከፈልባቸዋል። ደሴቶቹ ለፍሎሪዳ ቅርብ ስለሆኑ መርከቡ ሌሊቱን በዝግታ እየሄደ ነዳጅ ይቆጥባል። በአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ እዚያው ለመመለስ በመሐል የሌላ አገር ወደብ መርገጥ አለበት። ያቺ አጥር የታጠረች ደሴት «የሌላ አገር» ሆና ትቆጠርለታለች። ባለ ደሴቱ አገር ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ግብር፣ ጥቂት ደመወዝና የኪራይ ገንዘብ ነው።

ባሃማስ ይህን ዘግይታም ቢሆን አይታለች። ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ ናሶ ወይም ግራንድ ባሃማ ለሚወርድ መንገደኛ 23 ዶላር፣ የግል ደሴት ብቻ ረግጦ ለሚመለስ ደግሞ 25 ዶላር ግብር ጥላለች። የሁለት ዶላሩ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሐሳቡ ግን ትንሽ አይደለም። ሕዝቡን ዘልሎ የሚያልፍ የበለጠ ይክፈል ነው የሚለው።

የሄይቲዋ ላባዲ ደግሞ ሌላውን ጎን ታሳያለች። ሮያል ካሪቢያን ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሊዝ የያዛት የባሕር ዳርቻ ናት፤ ከቀረው አገር በአጥር ተለይታለች። የእጅ ሥራ የሚሸጡ ሄይቲያውያን በፈቃድ ይገባሉ። በጃንዋሪ 2010 ያ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ መርከቦቹ እዚያው መልሕቅ ሲጥሉ ዓለም ተከራከረ። ኩባንያው እርዳታ ጭኖ እንደመጣ ተናገረ፤ እውነትም ጭኖ ነበር። የሚበልጠው ትምህርት ግን በኋላ የመጣው ነው። በአገሪቱ የጸጥታው ችግር ሲብስ እ.ኤ.አ. በ2024 መርከቦቹ መምጣት አቆሙ፣ ጥቂት ቆይተው ተመለሱ፣ በ2025 እንደገና ቀሩ። መርከብ አቅጣጫውን በአንድ ቀን ይቀይራል። በአጥሩ በር የእንጨት ቅርጽ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ግን የትም አይሄድም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት በማይለየው ክልላችን ይህን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

«ይህ የነሱ ጣጣ ነው፤ በሙስሊም አገር ቢሆን ሌላ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አሮያ የተባለውን መርከብ ከጂዳ አስነሥታለች። አስካሪ መጠጥ የለበትም፤ የሴቶችና የቤተሰብ ቦታ ተለይቶለታል። ይህ ለሙስሊም ቤተሰብ መልካም ነገር ነው። ቢሆንም በቀይ ባሕር ላይ የራሱ ደሴት ያለው በመሆኑ፣ ገንዘቡ የሚዞርበት መንገድ ከካሪቢያኑ ጋር አንድ ነው። ምግቡ ሐላል መሆኑና የዳርቻው ዓሣ አጥማጅ ሪዝቁን ማግኘቱ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛውን እንዘነጋዋለን።

ወደ ጣና እንመለስ። ማነጻጸሩ ልክ እንዲኖረው ጎርጎራ የመንግሥት እንጂ የባዕድ ኩባንያ እንዳልሆነ፣ 188 ሰውም 5,000 እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሆኖም የራሱ መውረጃ፣ የራሱ ወጥ ቤትና የራሱ አስጎብኚ ያለው ሪዞርት እንግዳውን ከጀልባ ተቀብሎ ወደ ጀልባ ሲመልስ፣ ውጤቱ ለፎገራ ገበሬ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ደግሞ የራሳችን ወገን ነው። ነገደ ወይጦ በጣና ዳር የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚያስሩት፣ የሐይቁን ውሃ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በየፖስተሩ ላይ የምትታየው ታንኳ የእነርሱ የእጅ ሥራ ናት። የእርሻ መሬት የላቸውም ማለት ይቻላል። የባሕር ዳር ከተማ በሐይቁ ዳር ሲሰፋ ወደ ኋላ የተገፉትም እነርሱ ናቸው። የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጁ፣ ቁጥር 1161/2011፣ ካሳን የሚያስበው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ደንገል ያጨደበትና ዓሣ ያጠመደበት ውሃ የይዞታ ማረጋገጫ የለውም።

እውነቱን ከተናገርን እኛም ለእነርሱ ጥሩ ወንድሞች አልነበርንም። ጉማሬ ያድኑ በነበረበት ዘመን ክርስቲያኑ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ሙስሊሙም «ንጹሕ አይደሉም» ብሎ ከማዕዱና ከጋብቻው አርቋቸዋል። በውሃና በየብስ በሚኖር እንስሳ ላይ የመዝሀብ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው እያወቅን፣ አንድን ሸሃዳ የያዘ ሕዝብ በሙሉ አገለልን። ዛሬ የሐይቁ ጉዳይ ሲነሣ ስለ እነርሱ የሚናገር የሌለው ከዚያ የተነሣም ነው።

ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ መሆናቸውን የሚናገረው ሐዲስ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ፉቀሃዎች ከዚህ ተነሥተው ስለ ውሃ ሐሪም ብዙ ጽፈዋል፦ የወንዝና የጉድጓድ ዙሪያ ውሃ የሚቀዳበትና ከብት የሚጠጣበት ስለሆነ አንድ ሰው ለብቻው አጥሮ እንዳይይዘው። ከአጥር ጋር ያለን ክርክር ከዚህ ይጀምራል።

ታዲያ መርከቧ ፎገራ ዳር ትቁም እንበል? እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ርብና ጉማራ ደለላቸውን የሚጥሉት በዚሁ በኩል ነው፤ ዳርቻው ዝርግ ነው፣ ክረምት ላይ ይጥለቀለቃል፣ እምቦጩም በምሥራቁና በሰሜኑ ዳርቻ በርትቷል። ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ ለመሥራት ረግረጉን መቆፈር ግድ ይላል። ይህ ረግረግ ደግሞ በበጋ ከሩቅ አገር የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ትልልቅ አእዋፍ የሚያርፉበት፣ የፎገራ ላም የምትግጥበት፣ ደንገሉ የሚበቅልበት ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበውም በከንቱ አይደለም። ቁፋሮው ታንኳ አሳሪውን ለማገዝ ተብሎ ደንገሉን ያጠፋበታል።

የሚሻለው መርከቧ በጥልቁ ውሃ ቆማ እንግዳውን ትናንሽ ጀልባዎች ወደ ዳር እንዲያደርሱት ነው፤ የጀልባውም ሥራ በማኅበር ለተደራጁ የዳርቻው ሰዎች ይሰጥ። ጎርጎራም ቢሆን ሩዙን ከፎገራ፣ ዓሣውን ከአጥማጆቹ ማኅበር፣ ወተቱን ከአካባቢው ለመግዛት በጽሑፍ ይዋዋል። ከእያንዳንዱ ትኬት ላይ እንደ ባሃማስ የተወሰነ ብር ለዳርቻ ቀበሌዎች ቢቆረጥ፣ 188 ሰው በያንዳንዱ ጉዞ ሲባዛ ለአንድ ቀበሌ ውሃና ትምህርት ቤት የሚታይ ገንዘብ ነው። ይህ ሁሉ የሚጻፈው መስመሩና ታሪፉ ሲወሰን እንጂ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አይደለም።

ወረታ ላይ ያሉ የሙስሊም ነጋዴዎች፣ የመስጂድ ኮሚቴዎችና የወረዳው መጅሊስ ይህን ጥያቄ ከከተማ አስተዳደሩና ከክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ፊት ሊያቀርቡት ይችላሉ። ሲሄዱ ግን ከነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ቢያንስ ሁለቱን ከፊት አስቀምጠው ይሂዱ። ታንኳው እንዴት እንደሚታሰርና ውሃው የት ጥልቅ እንደሆነ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።