ከሐራጁ በፊት ዳኛው የት ነው?

የአዲስ ዘመንን የጨረታ ገጽ የሚያነብ ሰው ያንን ሠንጠረዥ ያውቀዋል። የተበዳሪ ስም፣ የአስያዥ ስም፣ ወረዳና የቤት ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ የካርታ ቁጥር፣ የጨረታ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት ተደርድረዋል። ከበላዩ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጠው ሥልጣን ቤቱን እንደሚሸጥ ተጽፏል። የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር ግን የለበትም። ለምን?

የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3060፣ ዕዳው ያልተከፈለው አበዳሪ የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል ቤቱን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውል እንዳይጸና ከልክሎ ነበር። የ1990ው አዋጅ ባንኮችን ከዚህ ክልከላ ነፃ አወጣቸው። ውሉ ላይ ከሰፈረ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል፤ ስሙንም ወደ ገዢው ያዞራል።

አዋጁ ያለ ምክንያት አልወጣም። ክስ ይጓተታል፤ የተበደርነውም ገንዘብ የአስቀማጮች ነው። አውቆ የማይከፍል ተበዳሪም አለ። ታዲያ ፍርድ ቤቱ ቢዘገይ መፍትሔው ፍርድ ቤቱን ማፋጠን ነው ወይስ ዳኛውን ከነገሩ ማስወጣት?

የቀረውን ዕዳ የሚያሰላው ማን ነው? ባንኩ። የቅጣት ወለዱን የሚደምረውስ? ባንኩ። መነሻ ዋጋውን አብዛኛውን ጊዜ የሚገምተው የማን መሐንዲስ ነው? የባንኩ። ሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ቢያጣ ቤቱን ሊረከብ የሚችለውስ? እሱም ባንኩ። ታዲያ ስሌቱ ተሳስቷል፣ ግምቱ አንሷል የሚል ሰው አቤት የሚለው ለማን ነው?

አዋጁ ባንኩ የሐራጅ ሥርዓቱን ጥሶ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ቤቱ ከተሸጠ፣ ካርታው ከዞረና ቤተሰቡ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ክስ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንም? ቤቱን ያጣ ሰው ጠበቃ የሚያቆመው በምን ገንዘብ ነው? ለልጇ ንግድ ብላ ካርታዋን ያስያዘች እናትስ? ከክፍያው ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደቀረ ሳታውቅ ማስጠንቀቂያ ሲደርሳት በ30 ቀን ውስጥ ምን ታደርጋለች?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መጠለያን ማጣት በፍርድ ሊወሰን ካልተገባው የትኛው ጉዳይ ይገባዋል?

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ሕግ፣ አበዳሪ መኖሪያ ቤት ልረከብ ብሎ ሲከስ ተበዳሪው ውዝፉን በተገቢ ጊዜ ሊከፍል የሚችል ከሆነ ዳኛው ርክክቡን እንዲያዘገይ ሥልጣን ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ «ተገቢ ጊዜ» ሲሰላ መነሻው የቀረው የብድር ዘመን በሙሉ መሆን አለበት ብሏል። የእንግሊዝ ባንኮች በዚህ ማበደር አቆሙ?

ጉዳዩ በከተማ ቤት አያበቃም። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 የአርሶ አደሩ የመጠቀም መብት ለብድር ዋስትና እንዲውል በር ከፍቷል። መያዣው ወደ እርሻው ሲዘልቅ ከዕዳው ጋር የሚያዘው የቤተሰቡ እንጀራ ነው። ይህን ሳናስተካክል ወደዚያ መሄድ ያዋጣናል?

ባንኮች ገንዘባቸውን አያስመልሱ የሚል የለም። ጥያቄው ከሐራጁ በፊት ዳኛ ፊት አንድ ቀጠሮ ይኑር ነው። በዚያ ቀጠሮ የዕዳው ስሌት ይጣራ፣ ግምቱን ገለልተኛ ባለሙያ ይመልከተው፣ የአከፋፈል ዕቅድ ይዞ የመጣ ይደመጥ። እንዳይጓተትም ውሳኔ የሚሰጥበት ቀን በአዋጁ ይወሰን። የባንኩ ስሌት ትክክል ከሆነ ዳኛ ቢያየው ምን ይጎድልበታል? ትክክል ካልሆነስ፣ ምክር ቤቱ ቤት ያለ ፍርድ እንዲሸጥ የሚፈቅደው እስከ መቼ ነው?