የፖሊዮ ምርመራ «ቫይረስ አልተገኘም» ሲል፦ ጳውሎስ አካባቢ በላቦራቶሪ የሚያድጉ ሕዋሳትና የሚፈልጉት ሁኔታ

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ሲዝል፣ የሰገራው ናሙና በቅዝቃዜ ተይዞ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። መድረሻው ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም «ፓስተር» ይለዋል። እዚያ ያለው ብሔራዊ የፖሊዮ ላቦራቶሪ ቫይረሱን የሚፈልገው ሕይወት ባላቸው ሕዋሳት ላይ በማሳደግ ነው። ቫይረስ ያለ ሕዋስ መራባት አይችልም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በአገራችን የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ የታየው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን አፍሪካም በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከዱር ፖሊዮ ነጻ ተብላለች። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ከክትባት የመነጨ ዓይነት 2 ፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላም በሌሎች አካባቢዎች ታይቷል። ይህ የሚሆነው ያልተከተቡ ልጆች በበዙበት አካባቢ ነው። በአፍ በሚሰጠው ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ተለውጦ የማሽመድመድ አቅሙን መልሶ ያገኛል። ስለዚህ የክትባት ዘመቻ የት መካሄድ እንዳለበት የሚወስነው ከላቦራቶሪው የሚወጣው መልስ ነው።

ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ያገለግላሉ፦ «አርዲ» የተባለው ከሰው የጡንቻ ዕጢ የተገኘ ሲሆን፣ «ኤል 20 ቢ» ደግሞ ፖሊዮ እንዲይዘው ተብሎ የተለወጠ የአይጥ ሕዋስ ነው። ናሙናው ከተጨመረ በኋላ በ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣሉ፤ ባለሙያው በየቀኑ በማይክሮስኮፕ ያያቸዋል። ቫይረስ ካለ ሕዋሳቱ ይከብባሉ፣ ከቱቦው ግድግዳም ይላቀቃሉ። በ5 ቀን ውስጥ ምንም ካልታየ ወደ አዲስ ሕዋስ ተዛውሮ ሌላ 5 ቀን ይጠበቃል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕዋሳቱ ራሳቸው ከተጎዱ ቫይረሱ ቢኖርም ላያድግ ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን ያው «አልተገኘም» ነው። ከማሽን ብልሽት ይልቅ ይህ ያሰጋል፤ የቆመ ማሽን ይታያል፣ የደከመ ሕዋስ ግን ዝም ብሎ ይዋሻል። ሕዋሳት የሚኖሩበት ፈሳሽ ቀለም አለው፦ ሲመቻቸው ቀይ፣ አሲድ ሲበዛ ቢጫ፣ አሲዱ ሲያንስ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ማይኮፕላዝማ የተባለው ጥቃቅን ባክቴሪያ ግን ፈሳሹን ሳያደፈርስ ገብቶ እድገታቸውን ያዘገያል። ከጥጃ ፅንስ ደም የሚዘጋጀው ሴረም ከአንድ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። ሰገራውም ራሱ ሕዋስ ሊመርዝ ስለሚችል በክሎሮፎርም ይታከማል። ሕዋሳቱ 15 ጊዜ ከተባዙ በኋላ ተጥለው በፈሳሽ ናይትሮጂን ከተቀመጡት አዲስ ይቀለጣሉ፤ መጠኑ በታወቀ ቫይረስም እየተፈተኑ ነው የሚቀጥሉት።

የከፍታውም ነገር አለ። አካባቢው ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሞላበት ኢንኩቤተር መመሪያው እንደሚለው 5 በመቶ ላይ ቢስተካከል፣ ሕዋሱ የሚያገኘው ጋዝ በቆላ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ከ6 በመቶ በላይ ማድረግና የፈሳሹን ፒኤች መለካት ያስፈልጋል። የፖሊዮው ምርመራ በታሸገ ቱቦ ስለሚሠራ ይህ ብዙም አይነካውም። በዚያው ሰፈር፣ በጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ፅንስ ለሚያሳድጉ ባለሙያዎች ግን ዋና ጉዳይ ነው። መብራት ሲቆራረጥ ደግሞ ሁለቱም እኩል ይጎዳሉ።

አሁን ሕዋስ ሳያስፈልግ የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ ከሰገራ የሚፈልጉ ዘዴዎች እየገቡ ነው። ፈጣን ናቸው፤ ሊበረታቱም ይገባል። ቢሆንም ሕይወት ያለው ቫይረስ የሚገኘው ከሕዋስ ነውና፣ ለማሞቂያው፣ ለሴረሙና ለጄኔሬተሩ የሚመደበውን በጀት ከወዲሁ መቀነስ ስህተት ይመስለናል።

ላቦራቶሪው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ዘግይቶ የመጣ ናሙና ሊያድነው አይችልም። ልጅዎ በድንገት መራመድ ወይም እጁን ማንሳት ካቃተው፣ ቢከተብም እንኳ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይንገሩ። መዛሉ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል። አንዱን ሰጥተው ሁለተኛውን አይተዉ፤ ቫይረሱ በሰገራ የሚወጣው በየቀኑ እኩል አይደለም።