መኪናው ተጠግኗል፤ የወረደው ዋጋ ግን የማን ዕዳ ነው?

ዛሬ ስለ መታወቂያ እድሳትም ስለ ወረፋም አልጽፍም። ስለ መኪና ነው። «እኛ የቤት ኪራይ አጥተን እሱ ስለ መኪና ያወራል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ታገሱኝ። ካርቱም ውስጥ ራቅሻም ሆነ አምጃድ ነድቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወንድም የሌለው ሰው ከመካከላችን ስንት አለ?

ነገሩ የደረሰው በየካቲት 2013 ነው። ይፋዊው የዶላር ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ የዘለለበት ሰሞን፣ ሁላችንም ጭንቅላታችን ዞሮ ነበር። አፍሪካ መንገድ ላይ፣ ኤርፖርቱን ይዤ ስወርድ መብራት ያዘኝና ቆምኩ። ከኋላዬ የመጣ የአንድ ድርጅት ፒካፕ ግን አልቆመም። የእኔዋ ሂዩንዳይ ክሊክ ናት፤ ትንሽ ናት፣ ታውቋታላችሁ። የኋላ በሯ ወደ ውስጥ ገባ፣ ፓራውልቱ ተሰበረ፣ ከሥር ሻንሲው ጠመመ። እኔ ለሳምንት ያህል አንገቴን ከማመም በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሹፌሩ ወርዶ መጀመሪያ ያለው ቃል «ማዓሌሽ» ነው። የተሰበሰበውም ሰው «ማዓሌሽ፣ ማዓሌሽ» አለኝ። ይህ ቃል የሱዳንን ሕዝብ ደግነት የያዘ ቃል ነው፤ ስንት ጊዜ አጽናንቶኛል። ግን በዚያ ቀን ስለ ማዓሌሽ አንድ ነገር ተማርኩ፤ የሚጽናናው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። ሙሩር መጣ፣ ኩሩኪውን ሳለ፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የፒካፑ ሆነ። የፒካፑ ኢንሹራንስም የሰምከሪውንና የቀለሙን ከፈለ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልበደለኝም።

ሦስት ሳምንት ሳልሠራ ቆየሁ። መኪናዬን ስረከብ ታበራለች፤ ከሩቅ ብታዩዋት ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች። አንድ ወረቀት ላይ ፈርም አሉኝ፤ ፈረምኩ። ያን ወረቀት ኋላ እመለስበታለሁ።

ከወራት በኋላ እናቴ ጎንደር ታማ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለና መኪናዋን ለመሸጥ ወደ ገበያው ወሰድኳት። (የመኪና ገበያውን ሱዳኖች «ደላላ» ይሉታል። ከእኛው ደላላ ጋር አንድ ቃል ነው፤ ጠባዩም አንድ ነው።) ሰውዬው ቀለሙን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። የኋላውን ምንጣፍ አነሳ። ብየዳውን አየ። ከሥር ተኝቶ ሻንሲውን በእጁ ዳሰሰና ተነስቶ አቧራውን እያራገፈ «መድሩባ» አለኝ። የተመታች ናት ማለቱ ነው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት የእኔዋ ዓመተ ምርት የሆነች፣ እንዲያውም ከእኔዋ ብዙ የሮጠች ክሊክ ከጎናችን ተሽጣ ነበር። ለእኔ የቀረበልኝ ዋጋ ከዚያች በአንድ አምስተኛ ያንሳል። ሁለተኛው ደላላም፣ ሦስተኛውም ያው ነው ያሉኝ። ለእናቴ ሕክምና ከተባለው ገንዘብ የጎደለው ልክ ያ አንድ አምስተኛ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ያ የጎደለው ገንዘብ የት ሄደ? እኔ መብራት ላይ ቆሜ ነበር። ጥፋት የለብኝም ተብሎ ተጽፏል። ሰምከሪው የብረቱን ቅርጽ መለሰ፤ የመኪናዋን ታሪክ ግን አልመለሰም፤ ሊመልስም አይችልም። ገዢ ደግሞ የሚገዛው ብረቱን ብቻ አይደለም፣ ታሪኩንም ይገዛል። ፒካፑ ከእኔ ላይ የወሰደው ያንን ነው።

ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ለምን ትልቅ እንደሆነ ልንገራችሁ። ስደተኛ በሱዳን ሕግ መሬትና ቤት መግዛት አይችልም። ባንክ ሒሳብ መክፈት ለብዙዎቻችን ጣጣ ነው። ብንከፍትስ? በ2021 ሐምሌ የሱዳን የዋጋ ንረት ከዓመት ዓመት ከ400 በመቶ በላይ ነበር፤ በፓውንድ ያስቀመጠ ሰው በረዶ በጆንያ ያስቀመጠ ያህል ነው። ስለዚህ ሴቱ ወርቅ ይገዛል፣ ወንዱ መኪና ይገዛል። ያገለገለ መኪና ማስገባት ተከልክሎ ስለነበር ደግሞ እዚሁ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው አይወድቅም ነበር፤ ለዚያ ነው ያመንነው። መኪናችን ባንካችን ናት። አንድ ሰው መጥቶ ከባንክ ደብተርህ ላይ አንድ አምስተኛውን ቀዶ «ማዓሌሽ» ቢልህ ዝም ትላለህ?

እኔ ዝም አላልኩም፤ ግን ዘግይቼ ነው የተናገርኩት። ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄጄ የዋጋውን ልዩነት ስጠይቅ ልጁ በትሕትና ፋይሌን ከፈተና የፈረምኩትን ወረቀት አሳየኝ። ሙኻለሳ ይባላል። «መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» ማለት ነው። ዐረብኛ እናገራለሁ፣ ሱቅ አረቢ ገብቼ ተከራክሬ እወጣለሁ፤ ማንበብ ግን አልችልም። የመኪና መረከቢያ መስሎኝ ነበር። በሩ በገዛ ፊርማዬ ተዘጋ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ያሸነፈ ሰው ሆኜ አይደለም።

ጅሬፍ የሚኖር ጓደኛዬ ግን ከእኔ ተምሮ ሌላ አደረገ። አምጃዱን ከጎን ሲገጩት ሙኻለሳውን አልፈርምም አለ። ሳይጠገን በፊት ፎቶ አነሳ፣ ሁለት ደላሎች ከአደጋው በፊትና በኋላ ያለውን ዋጋ በወረቀት ጽፈው እንዲፈርሙለት አደረገ። ኢንሹራንሱ እንቢ ሲለው ወደ ገጪው ባለቤት ሄደ። ጉዳዩ በጁዲያ፣ ማለትም በእነሱ ሽምግልና፣ በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ታየ። ሽማግሌዎቹ ለመረዳት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት አለኝ፤ «አንተ ይህችን መኪና በፊተኛው ዋጋ ትገዛታለህ?» ብለው ገጪውን ጠየቁት። ሰውዬው ሳቀ። የልዩነቱን ግማሽ ከፈለ። ሙሉ አይደለም፣ ግን ግማሹም ቢሆን ከእኔ ባዶ እጅ ይሻላል።

አሁን ሕጉን ላንሳ። በ1984 የወጣው የሱዳን የፍትሐ ብሔር ግብይት ሕግ አንቀጽ 138 በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው የመካስ ግዴታ አለበት ይላል። በእኔ አረዳድ የወረደ ዋጋ ከተሰበረ ፓራውልት ያላነሰ ጉዳት ነው፤ በገንዘብ ይቆጠራል፣ በደላላ ወረቀት ይረጋገጣል። «ስደተኛ ምን ፍርድ ቤት አለው?» ለሚሉኝ ደግሞ፣ ሱዳን የ1951ን የስደተኞች ስምምነት የተቀበለችው በ1974 ነው፤ ያኔ ተጠባባቂ ሐሳብ ያስመዘገበችው በአንቀጽ 26፣ በመዘዋወር ነጻነት ላይ ነው። አንቀጽ 16 ስደተኛ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል፤ በዚያ ላይ ምንም አላለችም። ስለዚህ በሩ አለ። ከባድ ነው፣ ጠበቃ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ቀጠሮው ይረዝማል፤ ግን አለ።

አንድ የምናከብራቸው አባት፣ ዴም ሰፈር ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ እንግዳ ነን። እንግዳ በሰው ቤት ሒሳብ አይተሳሰብም» አሉኝ። ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እንግዳ ከሆንን የቤት ኪራዩን ለምን ከጎረቤት አስበልጠን እንከፍላለን? ሲወሰድብን ነዋሪ፣ ስንጠይቅ እንግዳ መሆን አይቻልም። ደግሞ ጠይቆ የተጣላ የለም። የእኔ መኪና በሱዳናዊ ጎረቤቴ ስም ነው ያለችው፣ እኔ በተውኪል ነው የምነዳው። እሱ ነው «ለምን አልነገርከኝም፣ አብሬህ እሄድ ነበር» ብሎ የተቆጣኝ።

ይህ ጥያቄ የእኛ የድሆች ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። አትላንታ ክላርክስተን ያለው የአክስቴ ልጅ ታክሲ ይሠራል። ተገጭቶ ከጥገናው ሌላ የዋጋ መውረድ ካሳ እንደተከፈለው ሲነግረኝ ያጋነነ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001፣ ማብሪ በተባለው ጉዳይ፣ የራስህ ኢንሹራንስ እንኳ ከጥገናው በተጨማሪ የወረደውን ዋጋ አስልቶ መክፈል አለበት ብሎ ወስኗል። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችንም ከአደጋ በኋላ የሚመጣው ገማች፣ «ሸማይ» የሚሉት፣ የዋጋውን መውረድ ለብቻው እንደሚጽፍ ያውቃሉ።

ግን የአሜሪካውን እንዳለ እንዳትቀዱት። እዚያ ኩባንያዎቹ የሚወዱት «17ሲ» የሚባል ስሌት አለ። የመኪናውን ዋጋ አሥር በመቶ ይወስድና በጉዳቱ ክብደት፣ ከዚያም በሮጠው ማይል እያባዛ ይቀንሰዋል። መቶ ሺህ ማይል ያለፈ መኪና ዜሮ ይሆናል። እስቲ ካርቱም ውስጥ ከመቶ ስልሳ ሺህ ኪሎ ሜትር በታች የሮጠ የስደተኛ መኪና አሳዩኝ! በዚያ ስሌት ሁላችንም ዜሮ ነን። አሮጌ መኪና ዋጋ አይወርድበትም የሚል ሰው የእኛን ገበያ አያውቅም፤ የእኔዋ አሮጌ ናት፣ አንድ አምስተኛ ወርዶባታል። ሀብታም ሌላ መኪና አለው። ድሃው ያለው ይቺው አሮጌዋ ናት።

አገር ቤት ላላችሁ ዘመዶቼም አንድ ቃል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ከጥገናው ጋር እኩል አላለም፤ ከጉዳቱ ጋር ነው ያለው። በ2012 ከወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በኋላ አሮጌ መኪና ማስገባት እንዴት ተወዶ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ የአዲስ አበባ ገዢም እንደ ካርቱሙ ምንጣፍ ያነሳል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ጣሪያ ቢኖረውም ቀሪውን ከባለመኪናው መጠየቅ ይቻላል። ክሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ እንዳታስተኙት።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ደላሎቹ ዋጋ ሲሰብሩብኝ አንድ ወዳጄ «ለምን ለሐበሻ አትሸጣትም? አዲስ የመጣ ልጅ አለ፣ መኪና አያውቅም፣ ቀለሟን አይቶ ይወስዳታል» አለኝ። ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ልጁ መጣ፣ መኪናዋን ዞሮ አየ፣ ወደዳት። እጁን ኮፈኖው ላይ አድርጎ ሲቆም አየሁትና ምንጣፉን ራሴ አንስቼ ብየዳውን አሳየሁት። አልገዛም።

ብዙዎቻችን ግን ሸጠናል፤ እንተዋወቃለን። ከገጪው ያልጠየቅነውን ገንዘብ ከገዛ ወንድማችን እንሰበስባለን። እሱም ሲነቃ ለሌላው ሐበሻ ይሸጣል። የድርጅቱ ፒካፕ ያመጣው ኪሳራ እኛው መካከል እጅ በእጅ ይዞራል፤ ገጪው በሰላም ያድራል። እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ እንድጽፍ ያደረገኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ፦ ስትገጩ መኪናዋ ሳትነካ ፎቶ አንሱ። የኩሩኪውን ቅጂ ያዙ። የጥገናውን ፋቱራ አትጣሉ። ደላላ ጋ ሄዳችሁ ዋጋውን አስጽፉ፤ ከቻላችሁ ሁለት። ስትጠይቁ በፓውንድ ብቻ አትቁረጡ፤ «ከመኪናው ዋጋ ይህን ያህል እጅ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጉዳዩ ስድስት ወር ቢቆይ የፓውንዱ ቁጥር እንደ ጨው ይሟሟል። መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ባለስሙን ከመጀመሪያው ቀን ይዛችሁት ሂዱ። ቦኮ ሀራም የሚሏቸውን፣ ጉምሩክ ያልተከፈለባቸውን መኪኖች የምትነዱ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራላችሁም፤ ሙሩር ፊት መቅረቡ ራሱ አደጋ ነው። ርካሽ ያደረጋቸውም እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ሙኻለሳ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ወረቀት ቀርቦላችሁ ካልገባችሁ «ነገ እመለሳለሁ» በሉና ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ዐረብኛ አንብበው የሚተረጉሙ ሁለት ልጆች አሉን፤ ምንም አያስከፍሉም። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ካለ መልስ ታገኛላችሁ።

እናቴን ለጠየቃችሁኝ፣ ቀዶ ጥገናው ተደርጎላታል። የጎደለውን እናንተው ሞላችሁት። ክሊኳ አሁንም እኔ ጋ ናት።